የሲያትል ላይብረሪን የክረምት ፕሮግራሞች ለመላው ቤተሰብ እንዴት እንጠቀምባቸው?

ሲያትል ውስጥ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ገና 10 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቀኑ ጨልሟል፣ ዝናቡም አያባራም። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ነጠላቸውን ተከናንበው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ብዬ ነው። የከተማው ላይብረሪ ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፤ የሚጎድለው እጃቸውን ይዞ የሚያስጀምራቸው ሰው ነው።

1. ለእያንዳንዱ ሰው ካርድ ያውጡ

የሲያትል ነዋሪ ሁሉ ካርድ በነፃ ያገኛል። «መጽሐፍ ካዘገየን ያስከፍሉናል» ብለው የሚፈሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከ2020 ጀምሮ ግን የመዘግየት ቅጣት ቀርቷል፤ የሚከፈለው መጽሐፉ ከጠፋ ነው። የአማርኛ መጻሕፍትም አሉ። የሚፈልጉት ሌላ ቅርንጫፍ ውስጥ ከሆነ ወደ ሰፈርዎ እንዲያመጡልዎ ይዘዙ።

2. ፕሮግራሙን በሰፈርዎ ቅርንጫፍ ይምረጡ

በድረ ገጹ ላይ ያለው የዝግጅት ዝርዝር ረጅም ስለሆነ ሁሉንም ለማንበብ አይድከሙ። መጀመሪያ ቅርንጫፍዎን፣ ከዚያ ዕድሜን ይምረጡ። ምዝገባ የሚያስፈልገውንና ዝም ብሎ የሚገባበትን ይለዩ። በእንግሊዝኛ የማይመችዎ ከሆነ ሠራተኛዋን «አማርኛ» ይበሏት፤ በስልክ አስተርጓሚ እንዲያገናኙዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ለወላጆችዎ ሰዓቱን በወረቀት ጽፈው ፍሪጅ ላይ ሲለጥፉ በሁለቱም አቆጣጠር ያድርጉት። 10:30 የሚል ብቻ ካዩ ከሰዓት በኋላ መስሏቸው ይቀራሉ፤ «ጠዋት 4:30» ብለው ይጨምሩበት።

3. እናትዎን ወደ እንግሊዝኛ መለማመጃው ይውሰዱ

«ቶክ ታይም» ይባላል። ክፍል ቢባልም ፈተናም ማርክም የለውም፤ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያወራሉ። እናቴ «በዚህ ዕድሜዬ ምን ልማር ብዬ» ብላ እምቢ ብላኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከጎኗ ያለችው ቬትናማዊት አሮጊት ስልኳን አውጥታ የልጅ ልጆቿን ፎቶ አሳየቻት፤ እናቴም የራሷን አወጣች። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፣ ግን «ግራንድሰን» የምትለውን ቃል እናቴ እዚያ ተማረች። በሁለተኛው ሳምንት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አብረው ይቀመጡ። አድርሶ መመለስ አይበቃም።

4. ለዜግነት ፈተና ትክክለኛውን ጥያቄ ያጥኑ

በላይብረሪው የዜግነት ትምህርት ሲመዘገቡ ማመልከቻው የገባበትን ቀን ይያዙ። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 በፊት ያስገቡ ሰዎች የሚያጠኑት የድሮውን 100 ጥያቄ ነው፤ ከሚጠየቁት 10 ውስጥ 6 ከመለሱ ያልፋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስገቡት 128 ጥያቄ ያጠናሉ፣ እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ አለባቸው። ጎረቤት ያዋሰዎትን አሮጌ መጽሐፍ ከመጀመርዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ለወላጆች ደግሞ ትልቅ እፎይታ አለ። ዕድሜያቸው 50 ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የኖሩ፣ በአማርኛ መፈተን ይችላሉ። 65 ዓመት ሞልቷቸው 20 ዓመት በግሪን ካርድ ከኖሩ የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው።

5. የታክስ ቀጠሮ ቀደም ብለው ይያዙ

ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በአንዳንድ ቅርንጫፎች በጎ ፈቃደኞች ታክስ በነፃ ይሠራሉ። አሠሪዎች ደብሊው ቱ (የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየውን ወረቀት) የሚልኩበት የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ 31 ስለሆነ ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ በኋላ መሄድ ይሻላል። መታወቂያ፣ የቤተሰቡን ሁሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ያለፈውን ዓመት ታክስና የባንክ ቁጥር ይያዙ። የጤና መድኅን በማርኬትፕሌስ (በመንግሥት የመድኅን ገበያ) የገዙ ከሆነ 1095-ኤ የሚባለውን ወረቀት አይርሱ። ባልና ሚስት አብረው የሚያሠሩ ከሆነ ሁለቱም መገኘት አለባቸው፤ አንዱ ሥራ ስለነበረ ብቻ ሰው በብርድ መጥቶ ይመለሳል። ኡበር የሚነዱ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይንገሩ፤ ሁሉም ጣቢያ የግል ሥራ ገቢን አይሠራም።

6. ልጆቹንም ይውሰዱ

ለትንንሾቹ የተረት ሰዓት አለ። ለተማሪዎች ደግሞ ከትምህርት በኋላ ሆምወርክ የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች በተወሰኑ ቅርንጫፎች ይቀመጣሉ። ልጅዎ የቤት ሥራውን ወረቀት ይዞ ይሂድ።

7. ከመውጣትዎ በፊት

በዚያው ጠዋት ቅርንጫፉ መከፈቱን በስልክ ወይም በድረ ገጹ ይመልከቱ፤ በረዶ ሲጥል ሊዘጉ ይችላሉ። ዲሴምበር 25፣ አዲስ ዓመታቸውና የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ዝግ ነው። ጃንዋሪ 7፣ የእኛ ገና፣ ለላይብረሪው የሥራ ቀን ነው። የእናትዎ ቶክ ታይም በዚያ ቀን ከዋለ እንደማይመጡ በቀደመው ሳምንት ለአስተባባሪዋ ንገሯት።