አርባ ሆናችሁ ጀጎል አትግቡ

ባለፈው ቅዳሜም አየኋቸው። የሐረር አሮጌዋ የግንብ ከተማ ጀጎል አንዱ መግቢያ በሆነው ሸዋ በር ላይ ከሁለት አውቶብስ ዱብ ዱብ ብለው ወረዱ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል፣ አንዱ ትልቅ ስፒከር ትከሻው ላይ ጭኗል። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል ነው። እኔ ፊት ለፊት ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበርና "እነዚህ ልጆች ዛሬ ምንም ሳያዩ ነው የሚመለሱት" አልኩ በሆዴ። ማጋነን አይደለም። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን እዛው በር ሥር አገኘኋቸው። ግማሾቹ ድንጋይ ላይ ተዘርግተዋል፣ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ታሻለች፣ አንዱ ደግሞ "ሐረር ይቺው ናት እንዴ?" ይላል።

አይደለችም። ግን በምን ይፈረድባቸዋል? እኔም ተማሪ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ ልክ እንደዛው ብዬ ነው የተመለስኩት። ከዛ በኋላ ስንት ጊዜ እንደዞርኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ መጀመሪያ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር፣ አሁን ደግሞ "እባክህ አሳየን" ከሚሉኝ ተማሪዎች ጋር። ከዚህ በታች የምወቅሳችሁን ነገር አብዛኛውን ራሴ ሠርቼዋለሁ።

በመንጋ መግባት

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

ጀጎል ትንሽ ናት። ግንቡ ያጠረው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ቢሆን ነው። እዚህች ውስጥ 82 መስጊድ አለ፣ ከመቶ በላይ የወልዮች፣ ማለት የእስልምና ቅዱሳን፣ መካን (መታሰቢያ ቦታ) አለ፣ ከዛ ላይ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ገበያው። ይሄ ሁሉ ተጠጋግቶ ተሠርቶ የተረፈው ክፍተት ነው መንገድ የሚባለው። አንዳንዱ ጋ እጃችሁን ግራና ቀኝ ብትዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ ትነካላችሁ። አስጎብኚዎች "የእርቅ መንገድ" የሚሏት አንዷማ ከመጥበቧ የተነሳ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች እዛ ላይ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉም ይባላል።

እኛ 43 ሆነን ገባንባት። ሁለተኛ ዓመት ነበርን። መሐል ላይ ስንደርስ ከፊት ለፊት እንጨት የጫነች አህያ መጣች፣ ከኋላዋ ባለቤቷ። የፊቶቹ ቆሙ። የኋላዎቹ ምን እንደተፈጠረ ስለማያውቁ ይገፋሉ። አህያ ደግሞ የኋላ ማርሽ የላትም። "ተመለሱ! ተመለሱ!" ብንል ጫፍ ላይ ያሉት ሳምቡሳ እየበሉ ይሳሳቃሉ፣ ማን ይስማ? በዚህ መሐል አጠገቤ ያለው በር ተከፈተና አንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዘው ብቅ አሉ። ከገዛ ቤታቸው መውጫ የለም። በራቸው ላይ አስር ሰው ተለጥፏል። ቀና ብለው አዩኝና "አንተ፣ ሠርግ ነው ለቅሶ?" አሉኝ።

"ጉብኝት ነው፣ እማማ።"

"ምኑን ነው የምትጎበኘው? የጓደኛህን ጀርባ?"

ይሄው እስከዛሬ ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘሁለትም። በዛ ቀን በእርግጥም ያየሁት የጓደኛዬን ጀርባ ነው፤ ቦርሳው ላይ የተለጠፈውን የአርሰናል አርማ አሁንም አስታውሰዋለሁ። አስጎብኚው የሚያወራው እስከ ስድስተኛው ሰው ድረስ ብቻ ነው የሚሰማው። ሰባተኛው ስምንተኛውን ይጠይቃል፣ ስምንተኛው ይፈጥራል። ከወር በኋላ በተጻፈው የጉብኝት ሪፖርት ግንቡን አፄ ምኒልክ አሠሩት ተብሎ ተገኘ። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ ያውም በ16ኛው መቶ ዘመን፣ ምኒልክ ከመምጣታቸው ከ300 ዓመት በፊት!

መላው ቀላል ነው። ስድስት ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ሰባት ሆናችሁ ተከፋፈሉ። ጀጎል አምስት የድሮ በር አላት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ሐረሪዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፤ ሸዋ በርን አስመዲን በሪ ነው የሚሉት። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የተከፈተ ነው፣ ስለዚህ ስድስት ብላችሁ ቆጥራችሁ አትከራከሩ። እያንዳንዱ ቡድን አንዳንድ በር ይያዝና ወደ መሐል ይምጣ። መንገዶቹ ዞሮ ዞሮ መሐል ላይ ወዳለው ገበያ፣ ወደ ጊድር መገላ ያመጣሉ። እዛ ተገናኝታችሁ ያያችሁትን አውሩ፣ አምስቱም ወሬ የተለያየ ይሆናል።

"ሰው ቢጠፋብንስ?" የሚል አስተባባሪ ሁልጊዜ አለ። የት ሄዶ ይጠፋል? ዙሪያውን ግንብ ነው! ዝም ብለህ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትሄድ ግንብ ትነካለህ፣ ግንቡን ተከትለህ ስትሄድ በር ታገኛለህ። ደግሞም ጀጎል ውስጥ መጥፋት ነው ዋናው ጉብኝት። ስልካችሁ ላይ ያለውን ካርታ ኪሳችሁ ክተቱት። እዛ ሰማያዊ ነጥቧ ራሷ ግራ ተጋብታ ግድግዳ ሰንጥቃ ትሄዳለች።

ስፒከሩን አውቶብስ ውስጥ ተዉት። ይሄን ማስረዳት አልፈልግም።

በሰባት ሰዓት መምጣት

ተማሪ አርፍዶ ይነሳል፣ አውቶብስ አርፍዶ ይመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ከዛ "እንዙር" ይባላል። የሐረር ሰው ደግሞ በዛ ሰዓት ምሳውን በልቶ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ዘርግቷል። ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው፣ ክፍት የሆነውም ባለቤቱ ምርቃና ላይ ነው፤ ዋጋ ብትጠይቁት ታሪክ ይነግራችኋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ድረስ ጀጎል የተዘጋ መጽሐፍ ናት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድረሱ። ፈጢራ የሚጋገርበት ቤት ቁጭ በሉና ልጁ ሊጡን አየር ላይ እያገላበጠ እንደ ሻሽ ሲያሳሳው እዩ። እንቁላል ይሰብርበታል፣ አራት ማዕዘን አድርጎ ያጥፈዋል፣ ከዛ ዘይቱ ውስጥ ሲጥለው ያን ድምፅ ስሙት። ከዛ በመኪና ግርግር ውረዱ። መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ስሙም የወጣለት ከድምፁ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ይረግጣሉ፤ ጨርቅ ገዝታችሁ ብትሰጡ ዞራችሁ ስትመለሱ ተሰፍቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። አርብ ከሆነ ግን የጁምዓን ሰዓት አስተውሉ፤ ሰው ለሶላት ሲሽቀዳደም ተገትራችሁ መንገድ አትዝጉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፈረስ መገላ የሚባለው አደባባይ ከፍታው ላይ ነው፣ ወደ ኤረር በር ደግሞ ቁልቁለት ነው። አዲስ መጪ ሁሉ ጠዋት በደስታ ቁልቁል ይወርድና በቀትር ዳገቱን እያለከለከ ይወጣዋል። በባጃጅ ኤረር በር ሂዱና ከታች ጀምሩ፣ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

ካሜራ መደገን

ይሄን የምናገረው እንደ ጥፋተኛ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ካሜራ ያለው ስልክ ገዛሁ። ሸዋ በር ውጭ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ እናቶች አሉ፤ ልብሳቸው ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ምን ልበላችሁ፣ ፎቶ አንሱኝ የሚል ነው። አንዷን ሳልጠይቅ አነሳኋት። አየችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ "አንድ ብቻ" እያልኩ ጎንበስ ብዬ ደገምኩ። አንዲት ድንች መጥታ ደረቴን መታችኝ። ጓደኞቼ ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ድንቹን አንስቼ መለስኩላትና ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ። ዶርም ውስጥ ሽንኩርት ምን ያደርግልኛል? ግን ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ጠይቁ። እምቢ ካሉ በቃ። ገንዘብ ከጠየቁም ከማንሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ አንስታችሁ መከራከር ነውር ነው።

ከነጫማ ዘው ማለት

ጌይ ጋር የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ሳይገቡ መመለስ ያስቆጫል። ግን ሰው ቤት ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ውስጡ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፣ በከፍታና ዝቅታ የተደረደሩ መደቦች አሉት፣ ነደባ ይባላሉ። እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ሰው አለው፤ አሚር ነደባ የተባለው የአባወራው ነው። እኔ ደክሞኝ ነበር፣ ምንጣፉም ለስላሳ መሰለኝ፣ ሄጄ እዛው ላይ ዘፍ። የቤቱ እመቤት ምንም አላሉኝም፣ ቡና አቀረቡልኝ። ዕድሜው አስር የማይሞላ ልጃቸው ግን መጥቶ ፊቴ ቆመና "እዛ አባቴ ነው የሚቀመጠው" አለኝ። እስከ አንገቴ ቀላሁ።

ስለ መቅላት ካነሳን፣ ወለሉና መደቡ ቀይ ቀለም የሚቀባው ለምን እንደሆነ ጠይቁ። በ1879 ዓ.ም ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ለወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይሏችኋል። ይሄንን የሚነግራችሁ ሰው ምናልባት የዛን ጊዜ ቅድመ አያቱ ሞተውበት ይሆናል። ስለዚህ ከመሐላችሁ አዋቂ ነኝ የሚለው ልጅ እዛው ቁጭ ብሎ የታሪክ ክርክር እንዳይከፍት አደራ። ክርክሩን ለካፌ አቆዩት።

"አንተ" ሲሏችሁ መቀየም

ከአዲስ አበባ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር የመጣችሁ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የሐረር ሰው አንቱ አይወድም። ሽማግሌውን "አንተ"፣ አሮጊቷን "አንቺ" ይላል፣ መምህራችሁንም አይምርም። አንድ ጊዜ ይዣቸው የሄድኩ አንድ ጎልማሳ መምህር አንድ ትንሽ የሱቅ ልጅ "አቦ፣ አንተ፣ ና ግባ" ሲላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ልጁ እያከበራቸው ነበር! "አቦ" እኮ ፍቅር ነው። እናንተ ግን በለመዳችሁት አንቱ በሉ፣ ማንም አይቆጣም፣ ቢበዛ ይስቁባችኋል።

ራምቦ ቤትና ጅብ፣ ከዛ ቻው

ብዙ ቡድን ዝርዝር ይዞ ይመጣል፣ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ "ራምቦ ቤት" ነው። ሰውየው አርቱር ሬምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው፤ ግጥም መጻፉን ትቶ በ1873 ዓ.ም ሐረር የገባው ለንግድ ነው፣ ቡና ይነግድ ነበር። አንድ ጓደኛችን ጡንቻው የፈረጠመ የፊልም ተዋናይ መስሏት መጥታ የቀጭን ፈረንጅ ፎቶ ስታይ አኩርፋለች። ቤቱ ያምራል፣ የእንጨት ሥራውና ባለቀለም መስኮቱ ያስደስታል፣ ሰውየው ግን እዛ ቤት ውስጥ መኖሩ እንኳን አጠራጣሪ ነው። እሱን ሃያ ደቂቃ እዩና የቀረውን ሰዓት ለሸሪፍ ሙዚየም ስጡት። አብደላ ሸሪፍ የተባለ የከተማው ልጅ በግሉ የሰበሰበው ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹ፣ የድሮ ሳንቲሙ፣ ጌጣጌጡ። ሁልጊዜ "ጊዜ የለንም" ተብሎ የሚታለፈው እሱ ነው፣ ያናድዳል።

ሁለተኛው ጅብ ነው። ጅብ ማብላቱ ከመሸ በኋላ፣ ከግንቡ ውጭ ነው። አትጩሁ፣ አትሩጡ፣ ሥጋውን ከሚያበላው ሰውዬ አጠገብ ሁኑና እሱ ያላችሁን አድርጉ፣ ያ ብቻ ነው። ትክክለኛው አደጋ ጅቡ ሳይሆን ትራንስፖርቱ ነው፤ መመለሻችሁን ሳታዘጋጁ ጅብ ልይ ብላችሁ እንዳትቆዩ። እኛ አምስት ሆነን ቀርተን አንድ አልጋ ለአምስት ተከራይተናል። ቀን ላይ ደግሞ ግንቡ ሥር ያሉትን ዝቅተኛ ቀዳዳዎች ፈልጉ፣ ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፣ የጅብ መግቢያ ማለት ነው። በር አድርገውለታል እንግዲህ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ሶሉ ያለቀ ጫማ አታድርጉ። ዝርዝር ብር ያዙ። አስጎብኚ ስትይዙ መታወቂያውን እዩና ዋጋ ቀድማችሁ ቁረጡ። መካን ውስጥ ለመግባት አስፈቅዱ፣ አለባበሳችሁንም አስቡበት። ሽንት ቤት ባገኛችሁበት ተጠቀሙ።

ወደ ቅዳሜዎቹ ልጆች ልመለስ። "ይቺው ናት እንዴ?" ያለውን ልጅ "አርባ ደቂቃ አለህ?" አልኩት። አምስት ሆነው ተከተሉኝ፣ ተረከዟን ስታሽ የነበረችውም አንዷ ናት። ከዋናው መንገድ ታጥፈን ወደ ውስጥ ገባን። ፀሐዩ በርዷል፣ ከየበሩ ቡና ይሸታል፣ ልጅቷ ሁለት እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ግራና ቀኝ እየዳሰሰች ትሄዳለች። አንድ ጥግ ላይ ስንደርስ የመግሪብ አዛን ተጀመረ፣ መጀመሪያ ከአንዱ መስጊድ፣ ከዛ ከሁለት፣ ከዛ ከየት እንደሆነ የማይለይ ከሁሉም አቅጣጫ። አምስቱም ቆሙ። ስልክ ያወጣ የለም። ከዛ ከሩቅ የአውቶብሱ ጥሩምባ ተሰማ፣ ደጋገመው፣ እኛ ደግሞ በየት እንደመጣን እኔም ጠፍቶኝ ግንቡን እየታከክን ዞረን በሌላ በር ወጣን። ሃያ አምስት ደቂቃ አረፈድን። ሾፌሩ እንደ ጉድ ተቆጣ፣ እኔንም ጨምሮ።