የማይኤስኪውኤል ሩት ፓስወርድ ሲጠፋ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይኤስኪውኤል የዳታቤዝ ሰርቨር ነው፤ ሩት ደግሞ ሙሉ መብት ያለው ዋናው አካውንቱ ነው። የሩት ፓስወርድ ጠፋ ማለት ዳታው ጠፋ ማለት አይደለም። ዳታው ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው፤ በማሽኑ ላይ የሱዶ (ትእዛዞችን በአስተዳዳሪ መብት የማስኬድ) መብት ያለው ሰው ፓስወርዱን በደቂቃዎች ውስጥ መቀየር ይችላል። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ፓስወርዱን ለመመለስ የሚደረገው ጥድፊያ ነው። ከዚህ በታች ያለው በሊኑክስ ላይ ለሚሠሩት 5.7 እና 8.0 ስሪቶች የሚሆን ነው።

ጠፍቶ እንደሆነ ሳያጣሩ ሰርቨሩን ማቆም። በኡቡንቱ ላይ የሩት አካውንት አብዛኛውን ጊዜ «ኦዝ ሶኬት» በሚባል የመግቢያ ማረጋገጫ ፕለጊን ነው የሚገባው። ይህ ፕለጊን የሚያየው የሊኑክሱን ተጠቃሚ እንጂ ፓስወርድ አይደለም፤ ስለዚህ ከሊኑክሱ ሩት ውጭ በሆነ ተጠቃሚ ሆነው ትክክለኛውን ፓስወርድ መቶ ጊዜ ቢጽፉም አያስገባዎትም። መጀመሪያ «ሱዶ ማይኤስኪውኤል» ብለው ይሞክሩ። በሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ በአርፒኤም አዲስ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ጊዜያዊው ፓስወርድ /ቫር/ሎግ/ማይኤስኪውኤልዲ.ሎግ ውስጥ ተጽፏል።

አራግፎ እንደገና መጫን። ፓስወርዱ የሚቀመጠው /ቫር/ሊብ/ማይኤስኪውኤል ውስጥ ከዳታው ጋር ነው። ፕሮግራሙን ብቻ አራግፈው ቢጭኑ የድሮው ፓስወርድ ይጠብቅዎታል፤ በ«ፐርጅ» (ቅንብሩንም ጭምር በሚያጠፋው ማራገፊያ) ካራገፉ ደግሞ ለሚመጣው ጥያቄ «አዎ» ካሉ ዳታቤዞቹ በሙሉ ሊሄዱ ይችላሉ። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ገለልተኛ ክፍል የሚያስኬድ መሣሪያ) ላይም እንዲሁ ነው፤ የሩት ፓስወርድ የሚሰጥበት ቫሪያብል የሚሠራው ዳታው የሚቀመጥበት ቮልዩም ባዶ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ እሱን ቀይሮ ኮንቴይነሩን ማስነሳት ምንም አይለውጥም።

በ«ኪል -9» (በግዳጅ) ማቆም። በ«ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ» ያቁሙና ይታገሱ። በግዳጅ ከቆመ፣ ኢኖዲቢ የተባለው የዳታ ማከማቻ ክፍል ራሱን ቢጠግንም በትልቅ ዳታቤዝ ላይ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ በድሮው ማከማቻ በማይአይሳም ያሉ ሠንጠረዦች ግን ሊበላሹ ይችላሉ።

«ስኪፕ-ግራንት-ቴብልስ»ን በግዴለሽነት መጠቀም። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። ይህ ሰርቨሩን ያለ ፍቃድ ምርመራ የሚያስነሳ መስመር ኮንፊግ ፋይሉ (የሰርቨሩ ቅንብር የሚጻፍበት) ውስጥ ሲገባ የፍቃድ ቁጥጥሩ በሙሉ ይጠፋል፤ የደረሰ ሁሉ ያለ ፓስወርድ በሙሉ መብት ይገባል። 8.0 በዚህ ሁኔታ ኔትወርኩን በራሱ ይዘጋል። 5.7 ግን አይዘጋም፤ «ስኪፕ-ኔትወርኪንግ»ን አብረው ካልጨመሩ ፖርት 3306 ለውጭ ክፍት እንደሆነ ይቆያል።

ከገቡ በኋላ ፓስወርዱን ለመቀየር «ኦልተር ዩዘር» ሲሉ ስህተት 1290 ይመጣል፤ የፍቃድ ሠንጠረዦቹ ስላልተጫኑ ነው። መጀመሪያ እነሱን የሚጭነውን «ፍለሽ ፕሪቪሌጅስ» ይበሉ፣ ከዚያ በዚያው መስኮት፦

«ኦልተር ዩዘር 'ሩት'@'ሎካልሆስት' አይደንቲፋይድ ባይ 'አዲሱ ፓስወርድ';»

በሁለቱ መካከል ከመስኮቱ አይውጡ፤ ከፍለሽ በኋላ አዲስ የሚገባ ሁሉ ፓስወርድ ይጠየቃል። የድሮ መመሪያዎች «አፕዴት» ተጠቅመው የዩዘር ሠንጠረዡን በቀጥታ እንዲቀይሩ ይመክራሉ። «ፓስወርድ» የሚለው ዓምድ ከ5.7.6 ጀምሮ፣ ፓስወርድ የሚያመሰጥረው ፈንክሽን ደግሞ ከ8.0.11 ጀምሮ የሉም፤ ያንን መንገድ ይተዉት። ሲጨርሱ መስመሩን አጥፍተው ሰርቨሩን ሪስታርት ያድርጉ። ይህን መርሳት ከፓስወርዱ መጥፋት እጅግ የከፋ ነው።

እኛ የምንመርጠው ሰርቨሩ ሲነሳ በፋይል ውስጥ ያለ ትእዛዝ የሚያስፈጽመውን «ኢኒት-ፋይል»ን ነው፤ ቁጥጥሩ ለአፍታም አይከፈትም። ከላይ ያለውን የ«ኦልተር ዩዘር» ትእዛዝ በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጡ፣ ባለቤቱን ወደ ማይኤስኪውኤል ተጠቃሚ ይቀይሩ፣ ለሌላው እንዳይነበብ ፍቃዱን 600 ያድርጉ፣ ቦታውን ኮንፊጉ ላይ ጠቁመው ሰርቨሩን ያስነሱ። ፋይሉን /ሆም ውስጥ ካስቀመጡት ፕሮግራሞች የሚደርሱባቸውን ፋይሎች የሚገድበው የኡቡንቱው አፕአርመር አያስነብበውም፤ /ቫር/ሊብ/ማይኤስኪውኤል-ፋይልስ ይሻላል። መግባትዎን ካረጋገጡ በኋላ መጀመሪያ መስመሩን ከኮንፊጉ ያውጡ፣ ቀጥሎ ፓስወርዱ በግልጽ የተጻፈበትን ፋይል ይሰርዙ።

ሰርቨሩን በእጅ በሊኑክሱ ሩት ተጠቃሚ ማስነሳት። በዳታው ፎልደር ውስጥ የሩት ንብረት የሆኑ ፋይሎች ይፈጠራሉ፤ በኋላ ሰርቪሱ በመደበኛው መንገድ ሲነሳ «ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ስህተት 13 ብሎ ይቆማል። ከሆነ «ቾውን» ተጠቅመው የፎልደሩን ባለቤትነት ለማይኤስኪውኤል ተጠቃሚ ይመልሱ።

የተሳሳተውን ሩት መቀየር። 'ሩት'@'ሎካልሆስት' እና 'ሩት'@'%' ሁለት የተለያዩ አካውንቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከዚያው ማሽን፣ ሁለተኛው ከየትኛውም ቦታ ለሚገባ ነው። ከመቀየርዎ በፊት ከዩዘር ሠንጠረዡ ላይ ዩዘር፣ ሆስትና ፕለጊን የሚሉትን ዓምዶች አውጥተው ይመልከቱ። ፕለጊኑ ኦዝ ሶኬት ከሆነና በፓስወርድ መግባት ከፈለጉ በኦልተር ዩዘሩ ላይ አዲሱን ፕለጊን በስሙ ይጥቀሱ።

በሩት የሚገቡ አፕሊኬሽኖችን መርሳት። ፓስወርዱ እንደተቀየረ ዌብሳይቱ «አክሰስ ዲናይድ»፣ ስህተት 1045 ካለ፣ አፕሊኬሽኑ በሩት ነበር የሚገባው ማለት ነው። ዎርድፕሬስ ከሆነ አካውንቱ ደብሊውፒ-ኮንፊግ.ፒኤችፒ ውስጥ አለ። እዚያ አዲሱን የሩት ፓስወርድ አይጻፉበት፤ የራሱ ዳታቤዝ ላይ ብቻ መብት ያለው ሌላ አካውንት ከፍተው እሱን ያስገቡለት።