ኮራላችሁ አልከፈት ሲል ከየት ትጀምራላችሁ?

ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት የማሳድግበት የጨው ውሃ ገንዳዬ ሦስተኛ ወሩን እንደያዘ አንድ ጠዋት ተነሳሁና ዞአንተስ የሚባሉት አበባ መሳይ ትንንሽ ኮራሎቼ በሙሉ ጥርቅም ብለው ተዘግተው አገኘኋቸው። ማታ እንደ አደይ አበባ ፈክተው ነበር የተውኳቸው። ደነገጥኩ። በዚያው ቀን ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ መብራቱን ቀነስኩ፣ ኮራሎቹን ከላይኛው ድንጋይ ወደ ታች አወረድኩ፣ በዚያ ላይ «ኮራል ያጠነክራል» የተባለ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን የተዘጉት እንደተዘጉ ቀሩ፣ ደህና የነበሩትም ተዘጉ። የቱ እንደጎዳቸው ዛሬም አላውቅም። አራት ነገር ባንዴ የነካካ ሰው እንዴት ብሎ ያውቃል?

ጅማ ላይ የጨው ውሃ ገንዳ መያዝ ራሱ ትንሽ እብደት ነው። ባሕር ሩቅ ነው፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መብራት ይሄዳል፣ አንድ መለኪያ ሲሰበር ተተኪው ከውጭ የሚመጣ ሰው ተጠብቆ ነው የሚገኘው። ጎረቤቴ እማማ ቡና ሊጠጡ መጥተው ገንዳውን አዩና «ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የምትቀልበው?» አሉኝ። እንስሳ ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቶናቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ኮራላችሁ አልከፈት አለ፣ ወይም ነጣ፣ ወይም ቀለጠ እንበል። እጃችሁን ውሃው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በርጩማ ስባችሁ ገንዳው ፊት ተቀመጡና አንድ ነገር ብቻ እዩ። የከፋው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም?

አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለበት ቦታ ነው። ፓምፑ ፊት ለፊት እየገረፈው ይሆናል። መብራቱ በዝቶበት ይሆናል። ወይም ደግሞ አጠገቡ ያለው ኮራል ማታ ማታ ረጅም ክንዱን እየዘረጋ ይነድፈዋል፤ ኮራሎች ለቦታ ይጣላሉ፣ ስለዚህ የገንዳውን መብራት ካጠፋችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ በባትሪ ብርሃን እዩአቸው። ሁሉም ከሆኑ ግን ጥፋተኛው ውሃው ነው፣ ወይም ውሃው ውስጥ የገባ ነገር።

አዲስ የገባ ኮራል ለጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም ለሳምንት ቢዘጋ መንገድ ደክሞት ነው፣ ተዉት። ሌዘር (ቆዳ) ኮራል የሚባለው ደግሞ የራሱ አመል አለው። ይኮማተራል፣ ላዩ ሰም እንደተቀባ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ስስ ቆዳ ገፎ ይጥልና እንደ አዲስ ይከፈታል። ይሄ አንድ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያውን ሌዘሬን ሞቷል ብዬ ላወጣው እጄን ስሰድ ነው ቆዳው ሲላጥ ያየሁት።

ጨዉን ለኩ፣ መለኪያውንም ለኩ

ሁሉም ከተዘጉ መጀመሪያ ጨው ነው የምትለኩት። የውቅያኖስ ውሃ ጨውነት ከሺህ 35 ገደማ ነው፣ በሌላኛው መለኪያ፣ ማለትም ክብደቱ ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር፣ 1.026። ውሃው ይተናል፣ ጨው አይተንም። 100 ሊትር ገንዳ ውስጥ 5 ሊትር ቢተን 35 የነበረው ወደ 37 ይጠጋል፣ በበጋ ደግሞ ክዳን የሌለው ገንዳ ይህን ለማድረግ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። በጨው ውሃ የምትሞሉ ከሆነ ጨው የበዛበት ወጥ ላይ ጨው መነስነስ ነው።

መለኪያውም ይዋሻል። የእኔ ሪፍራክቶሜትር፣ ጨዉን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ 35 እያለኝ እውነቱ 39 ነበር። ይህን ያወቅኩት 35 መሆኑ የታወቀ የማስተካከያ ፈሳሽ ከተላከልኝ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለወራት ኮራሉን ስወቅስ ከረምኩ። ጨዉ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት በአንድ ጊዜ አታውርዱት። በሁለት ሦስት ቀን ቀስ እያላችሁ አውርዱት።

ጨዉን በተመለከተ አንድ ሰው «የአፍዴራ ጨው እያለልን ለምን ከውጭ?» ብሎኝ ነበር። ለወጥ እሺ። የገበታ ጨው ግን ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ በዚያ ላይ አዮዲን የተጨመረበት፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ካርቦኔት በሚፈለገው መጠን የለበትም። ለገንዳ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ብቻ ነው የሚሆነው፣ ለአንድ ሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም ገደማ እንደየዓይነቱ።

ውሃው ከየት መጣ?

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ እንደየቧንቧው መዳብም ሊኖርበት ይችላል፣ መዳብ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ለዓሣ በሽታ የሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም መዳብ ስላለባቸው ኮራል ወዳለበት ገንዳ እንዳይደርሱ።

ጅማ ዝናብ አይነፍጋትምና የዝናብ ውሃ ለምን አልጠቀምም የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ እኔም መጥቶልኝ ነበር። ጣሪያችን ግን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው የተለበጠው በዚንክ ነው፣ ዝናቡም ዚንኩን ይዞ ይወርዳል። ተዉት። የታሸገ ውሃም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከተጣራ በኋላ ማዕድን ይጨመርበታል። የሚያዋጣው ትንሽ የአርኦ ማጣሪያ ነው፣ ውሃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ ያሳልፍና የሟሟውን ነገር የሚያስቀረው። ከጎኑ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚያሳይ አንድ የቲዲኤስ መለኪያ አስቀምጡና ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር እስኪያሳይ ውሃውን አትመኑት።

መብራት ሲሄድ

እዚህ ከተማ ላይ ብዙ ኮራል የሚያጣው ሰው በሽታ ስለያዘበት አይመስለኝም፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ማንም ሳያውቅ ስለሚያድር ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው አየር መሳብ ያቆማል። የእኛ ችግር ደግሞ ድርብ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ሌሎች አገር «አራት ሰዓት ይቋቋማል» የተባለውን እንዳለ አትውሰዱት።

በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ። ከሁሉም ነገር በፊት ግዙት፣ ከተጨማሪ ኮራል በፊት። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሳ ከሆነ እሰየው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሀል እንዲቆይ ትፈልጋላችሁ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የገንዳውን ጎኖች በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ላዩን ግን ክፍት ተዉት፣ አየር የሚገባው በዚያ ነው። መብራት እስኪመለስ ምግብ አትስጡ። ሌላም አለ፦ ዝግ ማጣሪያ (ውሃው በታሸገ ዕቃ ውስጥ የሚያልፍበት) ያላችሁ ሰዎች፣ ለሰዓታት ቆሞ ከነበረ ውስጡ ያለውን ውሃ ሳትደፉ አታስነሱት። እዚያ የታፈነው ውሃ ኦክስጅን የለውም፣ ባንድ ጊዜ ገንዳው ላይ ሲለቀቅ ከመጥፋቱ ይልቅ መመለሱ ይገድላል።

ቡና ሲፈላ

ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም። ፒኤቹ፣ የውሃው አሲድነት መለኪያ (ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው)፣ ከሰዓት በኋላ መብራቱ በርቶ እያለ ከፍ ማለት ሲገባው የእኔ ወደ 7.8 ይወርዳል። ለሁለት ሳምንት ስጽፍ ቆየሁና ቀኖቹን ሳስተያይ ቡና የሚፈላባቸው ቀናት ሆነው ተገኙ። በር ተዘግቶ፣ ከሰሉ ነዶ፣ ሰው ሞልቶ፣ ቤቱ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከፍ ይላል፣ ውሃው ደግሞ ከቤቱ አየር ጋር ይተነፍሳል። መፍትሔው ፒኤች የሚጨምር ጠርሙስ መግዛት አልነበረም፣ መስኮት መክፈት ነበር። ከሰል ለነደደበት ቤት መስኮት መክፈት ለሰውም ያስፈልጋል። ስኪመር (ቆሻሻውን በአየር አረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) ካላችሁ የአየር ቱቦውን በመስኮት ወደ ውጭ ማውጣትም ይረዳል።

እግረ መንገዴን፣ የትንኝ ፍሊት ገንዳው ባለበት ክፍል አይነፋ። ሽሪምፕና ሸርጣን ነፍሳትን በሚገድለው በዚያው መርዝ ነው የሚሞቱት። እጃችሁንም ቅባትና ሳሙና እንዳይኖረው በውሃ ብቻ ደጋግማችሁ ታጠቡ።

ኬሚስትሪው

አዲስ ገንዳ ቆሻሻውን የሚያጠፋለት ባክቴሪያ እስኪደራጅ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ከቆሻሻው የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ ካልሆኑ የኮራል ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ ገንዳው ገና አልበሰለም። ከዚያ በኋላ የምመለከተው አልካሊኒቲ ነው፣ ውሃው ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዝበት አቅም፤ መለኪያው ዲኬኤች ይባላል፣ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች ይሁን። ቁጥሩ 8 ወይም 9 መሆኑ ብዙም አያሳስበኝም፣ የሚያሳስበኝ ዛሬ 7 ነገ 10 ሲሆን ነው። በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታንቀሳቅሱት። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዥየም ከ1,250 እስከ 1,350 ሚሊግራም በሊትር ከሆነ ተዉአቸው።

ጀማሪ በጣም የሚሳሳተው ናይትሬትና ፎስፌት ላይ ነው፣ ከዓሣው ምግብና ቆሻሻ የሚመጡት ንጥረ ነገሮች። ዜሮ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ዜሮ ማለት ኮራሉ ጾም ላይ ነው ማለት ነው። ናይትሬት 5 አካባቢ፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ይመቸዋል። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ዳይኖ የሚባለው መጥፎ እንግዳ ይመጣል፦ ቡናማ፣ ንፍጥ መሳይ፣ አረፋ የቋጠረ፣ ማታ ቀንሶ ቀን የሚመለስ። እሱን ለማጥፋት ውሃ ደጋግሞ መቀየር ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል። ዓሣውን ትንሽ ጨምራችሁ መግቡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋው ላይ የሚታየው ቡናማ አቧራ ግን ሌላ ነው፣ ዳያተም ነው፣ በራሱ ይሄዳል። እንደ ጨርቅ የሚላጥ ጥቁር ቀይ ነገር ካያችሁ ደግሞ ሳያኖ ነው፤ በቱቦ ሳቡት፣ እዚያ ቦታ ላይ የውሃውን እንቅስቃሴ ጨምሩ።

ሲነጣ

መንጣት ሁለት ዓይነት ነው፣ መለየቱ ግድ ነው። በኮራል ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌ የሚባሉ ተክል መሳይ ፍጥረታት ይኖራሉ፣ ቀለሙንም አብዛኛውን ምግቡንም የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ሙቀት ወይም ብርሃን ሲበዛበት ያስወጣቸዋል። ያኔ ሥጋው አለ፣ ቀለም ነው የሌለው፣ በአጉሊ መነጽር ስታዩት ፖሊፖቹ፣ ኮራሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ባለ አፍ አካላት፣ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ኮራል ተርቧል እንጂ አልሞተም። በባሕሩም ቢሆን ውሃው ከወትሮው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ነው ሪፎች የሚነጡት። መብራቱን ቀንሱ፣ ሙቀቱን አስተካክሉ፣ በትንሹ መግቡት፣ ጠብቁ። መብራታችሁ አዲስ ኤልኢዲ ከሆነ ጥፋተኛው እሱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በግማሽ ጉልበት ጀምራችሁ በሦስት አራት ሳምንት ነው ማሳደግ ያለባችሁ።

ሁለተኛው ሥጋው ራሱ ተነስቶ ነጭ አጥንቱ ሲቀር ነው። ከሥር ጀምሮ በቀስታ የሚወጣ ከሆነ አልካሊኒቲውን እንደገና ለኩ። በሰዓታት ውስጥ የሚገፈፍ ከሆነ ጤነኛውን ጫፍ ቆርጣችሁ ለብቻው ከማትረፍ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። ዩፊሊያ የሚባለው ባለ ረጅም ክንድ ኮራል ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ካያችሁ ፓምፖቹን አጥፉ፣ ዝልግልጉ ወደ ሌላው እንዳይበተን በቱቦ ስባችሁ አውጡት፣ የተጎዳውን ራስ ለዩ፣ የቀረውን በአዮዲን መታጠቢያ እጠቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቀልድ የለበትም። ዞአንተስና ዘመዱ ፓሊቶአ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ አትንኩ። እነሱ ያሉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ በፍጹም አታፍሉ፣ በእንፋሎቱ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ።

ኮራል ልትገዙ ካሰባችሁ ለስድስት ወር ያህል ለስላሳዎቹ ላይ ቆዩ፣ ማሽሩም፣ ሌዘር፣ ዞአንተስ። ድንጋያማዎቹ፣ ጠንካራ አጥንት የሚሠሩት፣ የማይለዋወጥ ውሃ ይፈልጋሉ፣ በዚያ ላይ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ድንበር ሲሻገሩ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያለ ወረቀት በሻንጣ አታስመጡ።

መቼ ነው ተስፋ የሚቆረጠው? ለስላሳ ኮራል ቀልጦ ከሸተተ ዛሬውኑ አውጡት፣ አሞኒያው ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ድንጋያማው ግን አጥንቱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ አልጌ እስኪያለብሰው ድረስ አይጣልም። ሞንቲፖራ የሚባል አንድ ድንጋያማ ኮራል ነበረኝ፣ የቀረው የጥፍር ታህል ሥጋ ብቻ ነበር። ጥግ ላይ አስቀምጬው ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቀኑን ጻፍኩና ምንም ሳልነካው ተውኩት። በስምንተኛው ወር የራሱን አጥንት መልሶ ሸፍኖታል። እማማ ሰሞኑን አይተውት «ይሄኛው ድንጋይ ወፈረ» አሉኝ።