አሮጌ ላፕቶፕን የቤት ፋይል ማከማቻ ማድረግ፦ ከዲስክ ምርጫ እስከ ስልክና ቴሌቪዥን

የቤተሰቡ ፎቶ በሦስት ስልክ ተበትኖ፣ የልጆቹ የትምህርት ፋይል በአንድ ፍላሽ ላይ፣ ፊልሙ ደግሞ ማን ኮምፒውተር ላይ እንዳለ በማይታወቅበት ቤት፣ መፍትሔው ሁሉም በዋይፋይ የሚደርስበት አንድ ዲስክ ማስቀመጥ ነው። ለዚሁ ተብለው የሚሸጡ፣ ሲኖሎጂና ኪውናፕን የመሳሰሉ ሳጥኖች አሉ፤ ጥሩም ናቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ግን ሥራ የፈታ ላፕቶፕ የሚበልጣቸው በአንድ ነገር ነው፦ ባትሪ አለው። ሳጥኖቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሳጥን) ካልተገዛላቸው መብራት በጠፋ ቁጥር ድንገት ይቆማሉ። በዚያው ቅጽበት ፋይል እየተጻፈ ከነበረ ደግሞ የሚበላሸው ያ ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ለተጫነበት ላፕቶፕ ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ማሽኑ የሚችል ከሆነ 11 ይጫንበት። ፋይሉ የሚዘዋወረው ቤት ውስጥ በራውተሩ በኩል ብቻ ስለሆነ ከኢንተርኔት ፓኬጅ ምንም አይቆረጥም። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ይሠራል።

ላፕቶፑና ዲስኩ

ላፕቶፑ ፈጣን መሆን የለበትም። 4 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ኪቦርዱ ግማሹ የማይሠራ ቢሆንም ፋይል ማደል አያቅተውም። መታየት ያለበት ባትሪው ነው። መብራት ሲጠፋ 20 ደቂቃ ከያዘ ይበቃል። የታችኛው ሽፋን ከተነፋ ወይም በጣት የሚነካው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተገፋ ግን ባትሪው አብጧል፤ እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ቀን ከሌት ሶኬት ላይ መተው እሳት መጥራት ነው። ባትሪው ይቀየር። ደህናው ባትሪም ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ ከቆመ ቶሎ ይደክማል። ብዙዎቹ የሌኖቮ፣ የዴልና የኤችፒ ሞዴሎች ቻርጁን 80 በመቶ አካባቢ ላይ የሚያቆም ቅንብር ስላላቸው ፈልገው ያብሩት።

ዲስኩ ላይ ደግሞ ሰው የሚሳሳትበት ምርጫ አለ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በሁለት መጠን ይመጣል፦ ኪስ የሚገባው 2.5 ኢንች እና የራሱ አዳፕተር ያለው 3.5 ኢንች። ትልቁ በያዘው ጊጋባይት ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀጥል ዲስኩ ብቻውን ይሞታል፤ ባትሪው የመጣለት ጥቅም ሁሉ በዚያው ይቀራል። ትንሹ ዲስክ ኃይል የሚወስደው ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ስለሆነ ከእሱ ጋር ይተርፋል። ስለዚህ 2.5 ኢንች ይግዙ፤ ለአንድ ቤተሰብ 1 ወይም 2 ቴራባይት ይበቃል። የሚሰካውም ዩኤስቢ 3 ላይ ይሁን፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቀዳዳው ውስጡ ሰማያዊ ነው። በዩኤስቢ 2 ፍጥነቱ በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ላይ ይቆማል።

ዲስኩ ባዶ ሳለ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አደራደር ፎርማት ይደረግ። ብዙ ፍላሾች የሚመጡበት ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ትልቅ ፋይል ይቀበላል፣ ግን ማን ምን ይንካ የሚለውን ፈቃድ አይዝም፤ በድንገተኛ መቋረጥም ቶሎ ይጎዳል። ፎርማት ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አይርሱ። ከዚያ «ዲስክ ማኔጅመንት» ገብተው ለዲስኩ ከፊደል ተራው መጨረሻ አካባቢ ያለ ቋሚ ፊደል ይስጡት፤ ኤስ (S) ጥሩ ነው። ካልሰጡት፣ አንድ ቀን ላፕቶፑ ሲነሳ ሌላ ፍላሽ ተሰክቶ ከነበረ ፊደሉን ይወስድበትና ያጋሩት ፎልደር ይጠፋል። በዲስኩ «ፖሊሲስ» ገጽ ላይም «ኩዊክ ሪሙቫል» የሚለው እንደተመረጠ ይቆይ። «ቤተር ፐርፎርማንስ» የሚለው ትንሽ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ገና ዲስኩ ላይ ያልሰፈረ ፋይል ሜሞሪ ውስጥ ይዞ ይቆያል፤ ገመዱ ቢነቀል የሚጠፋው ያ ነው።

እንዳይተኛ

«ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ላፕቶፑ ሶኬት ላይ ሲሆን «ስሊፕ» የሚለው «ኔቨር» ይሁን፤ ክዳኑ ሲዘጋም «ዱ ናቲንግ» ይምረጡ። በዚያው «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» ይጥፋ፤ አለዚያ ዲስኩ አንዳንዴ ያለ ምክንያት የተነቀለ ይመስላል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ላፕቶፑ «ሃይበርኔት» እንዲያደርግ ያዙት፤ ሜሞሪ ውስጥ ያለውን የራሱ ዲስክ ላይ አስፍሮ በሥርዓት ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ግን ብዙ ላፕቶፖች በራሳቸው አይነሱም፤ አንዳንዶቹ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ቅንብር) ውስጥ ይህን የሚያበራ ምርጫ አላቸው። ክዳኑ ተዘግቶ ሲሠራ ሙቀት ስለሚጨምር ጨርቅ ወይም ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ።

ገመድና ቋሚ አድራሻ

ላፕቶፑ ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ኬብል ይገናኝ፤ ዋይፋዩ ለስልኮቹ ይቅር። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ኬብል እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። የሚደርሱበት ፍጥነት የሚወሰነው በሰንሰለቱ ውስጥ በጣም ቀርፋፋ በሆነው ነው፦ ራውተሩ ወይም ላፕቶፑ 100 ሜጋቢት ቀዳዳ ካለው በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ያገኛሉ። ሁለቱም ጊጋቢት ከሆኑ ወደ 110 ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ገደቡ ዲስኩ ራሱ ይሆናል። 100 ጊጋባይት ፎቶ በመጀመሪያው 2 ሰዓት ተኩል ሲፈጅ በሁለተኛው ሩብ ሰዓት ነው። ሁለቱም ጊጋቢት ሆነው ፍጥነቱ 11 ላይ ከቆመ ኬብሉን ይጠርጥሩ፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ ጫፉ ላይ አንዱ በደንብ ካልገባ ግንኙነቱ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። የመጀመሪያውን ትልቅ ጭነት ግን በኔትወርክ አይልቀቁት፤ ዲስኩን ፎቶው ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ይገልብጡ።

ራውተሩ ለዕቃዎች የሚሰጠው አድራሻ ስለሚቀያየር ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ያስፈልጋል። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም፣ በብዙ የሁዋዌ ፋይበር ራውተሮች፣ 192.168.100.1 ብለው ይግቡ፤ መግቢያው ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል። ዲኤችሲፒ (አድራሻ ማደያው) በሚለው ክፍል የላፕቶፑን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ክፍሉ የራሱ መለያ) ከአንድ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር)፣ ለምሳሌ ከ192.168.1.50፣ ራውተሩ 192.168.100.1 ከሆነ ደግሞ ከ192.168.100.50 ጋር ያስሩት። ኬብሉና ዋይፋዩ የተለያየ ማክ ስላላቸው የሚታሰረው የኬብሉ ነው። ያ ገጽ ከተቆለፈ አይፒውን ላፕቶፑ ላይ በእጅ ይሙሉ። ይህን ሲያደርጉ ራውተሩ ለስልኮች ከሚያድለው ክልል ውጭ ያለ ቁጥር ይሁን፤ አለዚያ ያው ቁጥር ለአንድ ስልክ ይደርስና ሁለቱም ይደነባበራሉ።

ተጠቃሚና ፈቃድ

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚቸገረው። በመጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ለኔትወርክ ብቻ የሚያገለግሉ ሁለት ተጠቃሚዎች ይፍጠሩ፦ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለቴሌቪዥኑ። «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ «አዘር ዩዘርስ» ገብተው፣ ኢሜይል ሲጠይቅዎ የዚህ ሰው መግቢያ የለኝም የሚለውን፣ ቀጥሎም ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት የሚለውን ይምረጡ። ስሙ አጭርና በላቲን ፊደል ይሁን፤ የቴሌቪዥን ሪሞት አማርኛ አይጽፍም። ፓስወርድ የግድ ነው። ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድ ያለውን ተጠቃሚ በኔትወርክ አያስገባም። ላፕቶፑን የሚከፍቱበት ባለ አራት አኃዝ ፒንም በኔትወርክ አይሠራም፤ «ፓስወርዴ ትክክል ነው፣ እምቢ አለኝ» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ቀጥሎ የኔትወርኩ ዓይነት «ፕራይቬት» መሆኑን ያረጋግጡ፤ «ፐብሊክ» ከሆነ ዊንዶውስ በሩን ይዘጋል። «አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ» ውስጥ «ኔትወርክ ዲስከቨሪ»ን እና «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ»ን ያብሩ። ፓስወርድ መጠየቁን ለማስቀረት «ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ»ን ማጥፋት የሚመክሩ አሉ፤ አይስሟቸው። ዋይፋይዎን ያገኘ እንግዳ ሁሉ ይገባል፣ አዳዲሶቹ የዊንዶውስ ስሪቶችም ያለ ፓስወርድ መግባትን እየከለከሉ ነው።

አሁን ዲስኩ ላይ አንድ ፎልደር ይፍጠሩ፤ ዲስኩን በሙሉ አያጋሩ። ፎልደሩን በቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሼሪንግ»፣ «አድቫንስድ ሼሪንግ»፣ «ፐርሚሽንስ» ይግቡ። «ኤቭሪዋን»ን ያስወጡና ሁለቱን ተጠቃሚዎች ያስገቡ፤ ለቤተሰቡ «ቼንጅ»፣ ለቴሌቪዥኑ «ሪድ» ብቻ። በዚህ አላለቀም። «ሴኩሪቲ» በሚለው ገጽም ላይ ያንኑ መድገም አለብዎት፦ ለቤተሰቡ «ሞዲፋይ»፣ ለቴሌቪዥኑ «ሪድ»። ዊንዶውስ ሁለቱን ገጾች አስተያይቶ ጠበቅ ያለውን ነው የሚያጸናው፤ አንዱ ጋ ፈቅደው ሌላው ጋ ከዘነጉ መልሱ «አክሰስ ዲናይድ» ነው።

ፎልደሩ ተከፍቶ ውስጡ ያሉት አንዳንድ ፋይሎች ብቻ እምቢ ካሉ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያው ዲስክ ከሌላ ፎልደር በ«ከት» የተዛወሩ ናቸው። የተዛወረ ፋይል የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይመጣል፤ በ«ኮፒ» የመጣው ግን የአዲሱን ቤት ይወርሳል። «ሴኩሪቲ»፣ «አድቫንስድ» ገብተው ከታች ያለውን «ሪፕሌስ ኦል ቻይልድ ኦብጀክት» ብሎ የሚጀምረውን ሳጥን ምልክት አድርገው ያጽኑ።

ከሌላው ዕቃ መግባት

ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍተው ከላይ ባለው መጻፊያ \\192.168.1.50 ብለው ኢንተር ሲሉ የተጋሩት ፎልደሮች ይደረደራሉ። የሚጠይቀው የላፕቶፑን ተጠቃሚ ነው፣ የኮምፒውተሩን ባለቤት አይደለም። አልቀበል ካለ ከተጠቃሚው ስም በፊት የላፕቶፑን ስምና ባክስላሽ ይጨምሩ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ፓስወርድ ካስቀመጠ «ክሬደንሻል ማኔጀር» ገብተው ያጥፉለት። ከዚያ ፎልደሩን በቀኝ ተጭነው «ማፕ ኔትወርክ ድራይቭ» ቢሉ እንደ ራሱ ዲስክ ሆኖ ይቆያል።

አይፎን ላይ «ፋይልስ» ውስጥ ሦስቱን ነጥብ ነክተው «ኮኔክት ቱ ሰርቨር» ይበሉና አድራሻውን ይስጡ። አንድሮይድ ላይ ኤስኤምቢን (ዊንዶውስ ፎልደር በኔትወርክ የሚያጋራበትን ቋንቋ) የሚያውቅ የፋይል ማኔጀር ይፈለጋል፤ ለፊልም ብቻ ከሆነ ቪኤልሲ ይበቃል፣ አንድሮይድ ቴሌቪዥን ላይም ይሠራል። አንዳንድ የቆዩ ዕቃዎች የሚያውቁት ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ለእነሱ ሲሉ ዊንዶውስ ላይ አያብሩት፤ በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በእሱ ቀዳዳ ነው። በዚያው ምክንያት ከውጭ ለመድረስ ብለው ራውተሩ ላይ ፖርት 445ን (ኤስኤምቢ የሚገባበትን በር) ለኢንተርኔት አይክፈቱ።

ጭራሽ ካልተገኘ

0x80070035 የሚል ስህተት ከመጣ ነገሩ ብዙ ጊዜ የፓስወርድ አይደለም፤ ዕቃው ላፕቶፑ ጋ አልደረሰም። ስልኩ «ጌስት» በሚባለው ዋይፋይ ላይ ከሆነ ራውተሩ ሆን ብሎ ይለየዋል። ሌላው፣ ሰፋ ባለ ግቢ የተለመደው፣ ዋይፋዩ ጓሮ ድረስ እንዲደርስ የተጨመረ ሁለተኛ ራውተር ነው። ኬብሉ «ዋን» በሚለው ቀዳዳ ከተሰካ ራውተሩ የራሱን የተለየ ኔትወርክ ይፈጥራል፤ ከጓሮ ሆኖ ዋናው ቤት ያለውን ላፕቶፕ በቁጥሩ ማግኘት ሊሳካ ይችላል፣ ከዋናው ቤት ጓሮ ያለውን ግን አይቻልም። ላፕቶፑን ዋናው ራውተር ላይ ማድረግ፣ ሁለተኛውንም በ«ላን» ቀዳዳ ሰክቶ የራሱን አይፒ መቀየርና ዲኤችሲፒውን ማጥፋት ነው።

ዲስኩ ላፕቶፑ ከተነሳ በኋላ የተሰካ ከሆነም ፎልደሩ አይታይ ይሆናል፤ «ሰርቪስስ» ውስጥ «ሰርቨር» የሚለውን «ሪስታርት» ማለት ይመልሰዋል።

ስለ መሰረዝ

በኔትወርክ የተሰረዘ ፋይል «ሪሳይክል ቢን» አይገባም፤ አንዴ ከሄደ ሄደ። ልጆች ባሉበት ቤት የፎቶውን ፎልደር ለሁሉም «ሪድ» አድርጎ፣ አዲስ የሚመጣው የሚጣልበት ሌላ ፎልደር ብቻ «ሞዲፋይ» መፍቀድ ያዋጣል፤ ከዚያ የሚያዛውረው አንድ ሰው ይሁን። በቫይረስ የተያዘ አንድ ኮምፒውተርም እንዲጽፍበት የተፈቀደለትን ያህል ነው የሚያበላሸው።

ይህ ማከማቻ ባክአፕ አይደለም፤ ዲስኩ አንድ ነውና። ያንኑ የሚያህል ሁለተኛ ዲስክ በሳምንት አንዴ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ አዲሱ ይገልበጥበት፤ ከዚያ ተነቅሎ ቢቻል ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ሁለተኛ ዲስክ ከቫይረስም ሆነ ከመብራት መዋዠቅ አያመልጥም። ከመንቀልዎ በፊት ሁለት ሦስት ፎቶ ከእሱ ላይ ይክፈቱ፤ በስሙ አለ የተባለ ፋይል ሲከፈት ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ።