ለትንሽ ዳታቤዝ ሆስቲንግ ከመግዛታችሁ በፊት

ከሐዋሳ ወጣ ብላችሁ፣ ይርጋለም ወይም አለታ ወንዶ አካባቢ፣ ለቡና መረከቢያ ወይም ለዕቁብ የምትሆን ትንሽ ዌብ አፕ እየሠራችሁ ነው? ለውጭ ሆስቲንግ (አፑንና ዳታቤዙን ኢንተርኔት ላይ ለሚያስቀምጥ የኪራይ ቦታ) ዶላር ፍለጋ ከመንከራተታችሁ በፊት ኤስኪውላይት (SQLite) የሚባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሞክሩ። ነፃ ነው፤ ለብቻው ሰርቨር አይፈልግም፤ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። አፑን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫኑ፣ የስልክ ሆትስፖት ክፈቱ፣ ሌሎቹ ተጠቃሚዎች ከዚያው ሆትስፖት ጋር ተገናኝተው በብሮውዘር ይገባሉ። ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፤ መብራት ቢሄድ እንኳ ባትሪው ትንሽ ያቆያችኋል።

ባክአፕ ላይ ግን ቀልድ የለም። አፑ እየመዘገበ ሳለ ፋይሉን ዝም ብላችሁ ኮፒ ካደረጋችሁ ቅጂው ሊበላሽ ይችላል። የኤስኪውላይትን የራሱን የባክአፕ ትእዛዝ ተጠቀሙና ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

የግድ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ ካላችሁ፣ በብር የሚያስከፍል የአገር ውስጥ ሻጭ ፈልጉ። አፑ በፒኤችፒ (PHP፣ የዌብ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) የተሠራ ከሆነ፣ ፒኤችፒ ያለው ሼርድ ሆስቲንግ (አንድ ሰርቨር ከሌሎች ደንበኞች ጋር የምትጋሩበት) ይበቃል። ስትጠይቁ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ብቻ ሳይሆን የእድሳቱንም ጠይቁ።