ሥነ ጽሑፍ፣ ምህንድስናና ሕክምና በአንድ ጥናት ሲገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ማስረጃ ማለት በእጅ የተጻፈው ረቂቅ፣ የመጀመሪያው እትምና የአንዲት ሐረግ አቀማመጥ ነው። መሐንዲስ ተለክቶ፣ ዳግም ተሞክሮ ያው ውጤት ካልመጣለት አያምንም። ሐኪም ደግሞ ታካሚዎች በዕጣ ተመድበው የተካሄደን ሙከራ ከሁሉ በላይ ያስቀምጣል። ሦስቱም በየቤታቸው ጠንቃቆች ናቸው። የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ ድንበር ሲሻገሩ ነው፤ በራሱ ሙያ አንዲት ነጥብ ሳይመረምር የማያልፍ ሰው ከጎረቤት ሙያ የተዋሰውን መረጃ፣ መሣሪያ ወይም ድምዳሜ «መቼም እነርሱ ያውቁታል» ብሎ እንዳለ ይቀበላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች መልካቸው ቢለያይም አብዛኞቹ ከዚህ ቸልታ የሚወለዱ ናቸው።

ያላነበቡትን ምንጭ መጥቀስ

እ.ኤ.አ. በጥር 1980 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተባለው የሕክምና መጽሔት ለአዘጋጁ የተላከች አንዲት ደብዳቤ አተመ። አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ጸሐፊዎቹ ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ ሰዎች መዝገብ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓይነት ናርኮቲክ (ከኦፒየም ወገን የሆነ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) መድኃኒት የተሰጣቸውን 11,882 ታካሚዎች ለይተው፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ከሌላቸው መካከል በአግባቡ የተመዘገበ ሱስ የታየባቸው አራት ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። ታካሚዎቹ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ምን እንደገጠማቸው፣ መድኃኒቱን ለወራት ቢወስዱት ምን እንደሚሆን ደብዳቤዋ አትናገርም፤ እናገራለሁም አላለችም።

ጣጣው የመጣው ከጠቃሾቿ ነው። አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ ደብዳቤዋን «ሰፊ ጥናት» አደረጋት፤ ሆስፒታል ስለተኙ ሰዎች የተባለውም ሥር የሰደደ ሕመም ይዟቸው ቤታቸው ሆነው መድኃኒቱን ለሚወስዱ ሰዎች ማረጋገጫ ሆኖ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ ቆጠራ ደብዳቤዋ 608 ጊዜ መጠቀሷን አሳየ። ከጠቃሾቹ 72 ከመቶ ያህሉ ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገዋታል፤ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ታካሚዎቹ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አላነሱም። ቆጠራውን ያካሄዱት ተመራማሪዎች ይህ አጠቃቀስ በሰሜን አሜሪካ ለደረሰው የኦፒዮይድ፣ ማለትም የእነዚሁ ማስታገሻዎች ሱስ ቀውስ የራሱ ድርሻ እንደነበረው ጽፈዋል። ደብዳቤዋን ከፍቶ ማንበብ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር።

እንዲህ ያለውን ቸልተኝነት ለማውገዝ የሚነገረው ታሪክ ራሱ ከዚህ በሽታ አላመለጠም። ስፒናች በብረት የበለጸገ ነው የሚባለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሳይንቲስት የአሥርዮሽ ነጥብ ስላሳሳተ ነው የሚል ወሬ ለዓመታት እንደ ማስጠንቀቂያ ሲጠቀስ ኖሯል። ምንጩን ተከትለው የሄዱ ተመራማሪዎች የተባለውን የነጥብ ስህተት የሚያሳይ ሰነድ አላገኙም።

የሌላ ሙያ ጽሑፍ ሲጠቅሱ ቢያንስ ማን እንደተጠና፣ በምን ሁኔታና እንዴት እንደተለካ የሚገልጸውን ክፍል ያንብቡ። ማጠቃለያው የደራሲዎቹን ምኞት ሊይዝ ይችላል፤ የሠሩትን የሚናገረው የአሠራር ክፍሉ ነው። ዋናውን ጽሑፍ ማግኘት ካልቻሉ ከማን እንደወሰዱት በግልጽ ይጻፉ። ይህ አያሳፍርም።

መሣሪያ ይዞ ጥያቄ ፍለጋ መውጣት

ሶፍትዌሩ አለ፣ አንድ ሺህ ልብ ወለድ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ እንግዲህ ምን እንጠይቅ? ብዙ የጋራ ጥናት የሚጀመረው እንዲህ ነው። ውጤቱም በቀለም ያሸበረቀ ሥዕላዊ መግለጫ ሆኖ ልብ ወለዶቹን ያነበበ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀውን ይነግረናል።

ሞስተለርና ዋላስ የተባሉት የስታቲስቲክስ ምሁራን የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ ለመከራከር በአንድ የብዕር ስም ከታተሙት 85 የፌደራሊስት መጣጥፎች መካከል 12ቱን ከአገሪቱ መሥራቾች ሃሚልተን ይጻፋቸው ወይስ ማዲሰን የሚለው ጥያቄ የታሪክ ምሁራንን ሲያከራክር የኖረ ነበር። ሁለቱ ምሁራን ጥያቄውን የተቀበሉት ከባለቤቶቹ ነው ማለት ነው። ትልልቆቹን ጭብጦች ትተው ማንም ልብ የማይላቸውን ትንንሽ አያያዥ ቃላት ቆጠሩ፤ ዘዴውን ግን መጀመሪያ የሞከሩት ደራሲያቸው በማያጠራጥር ጽሑፎች ላይ ነው። ሃሚልተን «አፖን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ከሺህ ቃላት ሦስት ጊዜ ያህል ሲጠቀምባት ማዲሰን እምብዛም አይነካትም። እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ውጤት ሚዛኑን ወደ ማዲሰን ደፋው። ዘዴውን መልሱ በሚታወቅ ነገር ላይ ሳይፈትን መልሱ ወዳልታወቀው የሚሮጥ ጥናት ውጤቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ትክክል መሆኑን የሚያሳይበት መንገድ የለውም።

የታየውን ብቻ መቁጠር

ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መረጃው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ድምዳሜው ሐሰት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1986 ምሽት፣ ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በምትመጥቅበት ዋዜማ፣ መሐንዲሶች ቅዝቃዜው የሮኬቱን የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች ያዳክማል ብለው ሰግተው ጉዞው እንዲዘገይ ጠይቀው ነበር። ክርክራቸውን ካዳከሙት ነገሮች አንዱ የተመለከቱት በቀለበቶቹ ላይ ጉዳት የታየባቸውን በረራዎች ብቻ መሆኑ ነው። ጉዳቱ በቀዝቃዛ ቀንም በሞቃት ቀንም ደርሷልና ከሙቀት ጋር ግንኙነት ያለው አይመስልም ነበር። አደጋውን የመረመረው ኮሚሽን ጉዳት ያልታየባቸውን በረራዎች ሲጨምር ነገሩ ተገለበጠ። 66 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና ከዚያ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በሦስቱ ላይ ብቻ ነው። 63 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 17 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና ከዚያ በታች ከተደረጉት አራት በረራዎች ግን አንዱም አላመለጠም። መንኮራኩሯ ከተነሳች በ73 ሰከንድ ሰባት ሰዎች ይዛ ጠፋች።

በሕክምናው በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሳምባ ምች የያዛቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸውን እንዲተነብይ የተዘጋጀ የኮምፒውተር ሞዴል አስም ያለበት ታካሚ ከሌላው የተሻለ ይድናል የሚል ደንብ ከመረጃው ተማረ። መዝገቡ አልዋሸም። አስም ያለባቸው ታካሚዎች አደጋቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይወሰዱና ልዩ እንክብካቤ ያገኙ ነበር፤ ያተረፋቸውም ይኸው ነው። ሞዴሉ ይህን አያውቅም። እንዳለ ሥራ ላይ ቢውል አስም ያለባቸውን «አደጋ የሌለበት» ብሎ ወደ ቤታቸው ሊልክ ይችል ነበር። ተመራማሪዎቹ ስህተቱን ያዩት ውጤቱን ለማንበብ የሚያስችል ሞዴል በመኖሩና ያነበቡት ሰዎች የሆስፒታልን አሠራር በማወቃቸው ነው።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። «የዘመኑ ሰው እንዲህ ያስብ ነበር» የሚል ጥናት የሚቆመው አሳታሚ ባተማቸው፣ ቤተ መጻሕፍት ባስቀመጣቸውና በመጨረሻም አንድ ሰው በመረጣቸው መጻሕፍት ላይ ነው። ያልታተመው አይቆጠርም። ይህን በአንድ አንቀጽ ማመን ጥናቱን አያሳንሰውም።

ኮምፒውተሩ ምን እንዳየ አለመጠየቅ

የሳምባ ምችን ከራጅ ምስል እንዲለይ የሠለጠነ ሥርዓት በሠለጠነበት ሆስፒታል ጎበዝ ሆኖ ሌላ ጋ ሲሄድ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አንዱን ምክንያት አሳይቷል፤ ሥርዓቱ ምስሉ የተነሳበትን ሆስፒታል ከ99 ከመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት መለየት ይችል ነበር። ባለሙያዎች ምስሉ ጥግ ላይ የሚያስቀምጧትን የብረት ምልክት ሳይቀር ፍንጭ አድርጓታል። በአንዱ ሆስፒታል የሳምባ ምች ታካሚ ከሌላው እጅግ ስለሚበዛ ቦታውን ማወቅ ሳምባውን ሳያዩ ለመገመት ይበቃል።

የድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን በኮምፒውተር የሚያነቡ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ወጥመድ አለባቸው። እስከ 1800 እ.ኤ.አ. ገደማ በሕትመት ይሠራበት የነበረው ረጅሙ የ«ኤስ» ፊደል «ኤፍ»ን ስለሚመስል ማሽኑ አንዱን በሌላው ይተካዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ለዘመናት ያልነበሩ ቃላት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲርመሰመሱ አይቶ፣ ከ1800 ወዲህ በድንገት ሲጠፉ ደግሞ ባህላዊ ምክንያት ሊፈልግላቸው ይነሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመረጃው መቶ ገጽ በዕጣ አውጥቶ በዓይን ማንበብ። ይህን ሥራ ማንም አይወደውም።

መሣሪያው በማን ላይ ተስተካክሎ እንደተሠራ መጠየቅም እዚህ ላይ ይገባል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጥቁር ታካሚዎች ላይ የተደበቀ የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ድግግሞሽ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በዚህ መሣሪያ የተሰበሰበን ቁጥር ወስዶ የሚያሰላ መሐንዲስ ስሌቱ ምንም ቢጠራ ጉድለቱን ወርሷል።

ማነጻጸሪያውን እንደ እውነት መቀበል

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1983 «ሽተርን» የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለርን የግል ማስታወሻ ደብተሮች አገኘሁ አለ። የእጅ ጽሑፍ መርማሪዎችም ጽሑፉን ከሌሎች የሂትለር ሰነዶች ጋር አስተያይተው የአንድ ሰው ነው አሉ። ልክ ነበሩ፤ የአንድ ሰው ነበር። ለማነጻጸሪያ ከቀረቡላቸው ሰነዶች ውስጥ ራሱ አስመሳዩ ኮንራድ ኩያው የጻፋቸው ነበሩበት። ጉዳዩን የዘጋው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ወረቀቱ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ላይ የዋለ ማንጫ ኬሚካል ተገኘ። ሰነድ በሚመረመርበት ጥናት የኬሚስቱ ቃል የሚሰማው ድምዳሜው ከተጻፈ በኋላ መሆን የለበትም።

በቀላሉ የሚለካውን በሚፈለገው ቦታ መተካት

ድንገተኛ የልብ ጥቃት ደርሶባቸው የተረፉ ሰዎች የልብ ምታቸው ከተዛባ የመሞት ዕድላቸው ይጨምራል። ስለዚህ መዛባቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሞትን ይቀንሳል፤ ለጆሮ የሚጥም አመክንዮ ነው፣ ሐኪሞችም ያዝዙት ነበር። «ካስት» በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ውጤት ግን ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉትን መድኃኒቶች የወሰዱት ሰዎች ባዶ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ በብዛት መሞታቸውን አሳየ። መድኃኒቶቹ የልብ ምቱን አረጋግተዋል። ሰዎቹን ግን አላዳኑም።

ይህ ስህተት በጽሑፍ ላይ ሲሠራ የበለጠ ይደበቃል። በአንድ ገጣሚ ሥራ ውስጥ «ሐዘን»፣ «ሞት»፣ «ጨለማ» የሚሉ ቃላት ተቆጥረው ገጣሚው የመንፈስ ጭንቀት ነበረበት ይባላል። ሙሾ የሚጽፍ ሰው ስለ ሞት ባይጽፍ ነበር የሚገርመው። በግጥሙ ውስጥ «እኔ» የሚለውም ገጣሚው ላይሆን ይችላል፤ ይህን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ይማረዋል፣ ከሌላ ሙያ የመጣ ተመራማሪ ግን ካልነገሩት አያውቀውም። ያልመረመሩትን፣ ይባስ ብሎም የሞተን ሰው በግጥሙ በሽተኛ ማድረግ ሐኪሙንም ሐያሲውንም የማያስመሰግን ሥራ ነው።

ጥቃቅን የሚመስሉት

ወደ ማርስ የተላከች አንዲት መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ቡድን ግፊትን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስላሰላ ነው። የሰንጠረዥ ሶፍትዌሩ ኤክሴል ደግሞ «ማርች 1» እና «ሴፕት 2» የሚሉ የዘረ መል ስሞችን የወር ቀን መስለውት ይለውጣቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ፍተሻ የዘረ መል ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከወጡ ጽሑፎች አንድ አምስተኛው ያህል ይህ ዓይነት ስህተት ተገኝቶባቸዋል። ቀድሞ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ሳይሆን የዘረ መሎቹ ስም ነው፤ ስም አውጪው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አወጣላቸው። መለኪያውን በየሰንጠረዡ ራስጌ መጻፍና ጥሬውን መረጃ ሳይነካ ለብቻው ማስቀመጥ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

የታተመ ሁሉ የተፈቀደ ይመስል

ታካሚዎች ስለ ሕመማቸው በይፋ የጻፉትን መሰብሰብ ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ የተለመደ ሥራ ነው፤ የታተመን ጽሑፍ ለመተንተን ፈቃድ አይጠየቅም። ሐኪም ግን ያንኑ የሰው የጤና መረጃ ይለዋል። ሁለቱም በየሙያቸው ልክ ናቸውና ሲገናኙ ጥብቁን ደንብ መያዝ ይሻላል። ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ ቃል በቃል የተጠቀሰ ዓረፍተ ነገር በኢንተርኔት ሲፈለግ ባለቤቱን ያወጣዋል። ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከቻ የሚገባውም መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ አይደለም።

የስም ቅደም ተከተልን ለመጨረሻ ማቆየት

በሥነ ጽሑፍ ክፍል የሚከበረው ብቻን የተጻፈ መጽሐፍ ነው። በብዙ የምህንድስና ዘርፎች፣ በተለይ በኮምፒውተሩ በኩል፣ በጉባኤ ላይ የቀረበ ጽሑፍ ትልቅ ዋጋ አለው። በሕክምናው ዘርፍ ከደራሲዎቹ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ስም ብዙውን ጊዜ የቡድኑ መሪ ነው፤ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴም ደራሲ ለመባል አራት መስፈርቶች በሙሉ መሟላት አለባቸው ይላል፤ ገንዘብ ማምጣት ብቻውን አያበቃም። እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ተማሪዋ ስሟ ከዘጠኝ ሰዎች መካከል አምስተኛ ሆኖ የወጣበት ጽሑፍ በትምህርት ክፍሏ ምንም ላይቆጠርላት ይችላል፤ የሁለት ዓመት ንባቧ ግን እዚያ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ማን የትኛውን ጽሑፍ ብቻውን እንደሚያሳትም፣ ስሞች በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰፍሩ፣ ከቡድኑ የወጣ ሰው የሰበሰበው መረጃ የማን እንደሚሆን በመጀመሪያው ስብሰባ ተነጋግሮ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ያስፈልጋል። ቃለ ጉባኤውም ለአማካሪዎቹ ብቻ ሳይሆን ለተማሪዎቹም ይድረስ።