በትእዛዝ የሚታተም መጽሐፍ፦ የባሕር ዳር ደራሲ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቀድሞው ማተሚያ ቤት አንድ ረቂቅ ከደራሲው እጅ ወጥቶ መጽሐፍ እስኪሆን ድረስ ፊደል ለቃሚው፣ አራሚው፣ የማሽን ሠራተኛውና ጠራዡ ተራ በተራ ያዩት ነበር። ገዢ ሲያዝ ብቻ አንድ አንድ ቅጂ እያተመ የሚልከው የዛሬው አገልግሎት እነዚህን ሰዎች በሙሉ አስቀርቷቸዋል። ማሽኑ የተላከለትን ፋይል እንዳለ ያትማል፤ የጎደለውን አይሞላም፣ የጠመመውን አያቀናም። ባሕር ዳር ተቀምጦ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ላለ አንባቢ መጽሐፍ ለማድረስ፣ ሺህ ቅጂ አሳትሞ ሳሎን ውስጥ ከመከመር ይህ መንገድ በእጅጉ እንደሚሻል አምናለሁ፤ ነገር ግን የእነዚያ ሰዎች ሥራ ሁሉ ወደ ደራሲው ትከሻ ዞሯል። ቀጥሎ ከማነሣቸው ስህተቶች ሦስቱን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የፊደሉን ዐይነት ሳይመረምሩ ፋይል መላክ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዐይነት ቁጥር በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በስፋት የተሠራባቸው የግዕዝ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾችን የያዙ ፋይሎች) ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ስለነበሩ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ አይነበብም። እኔ ስለ ዘጌ ቡናና ስለ ደንገል ታንኳ የጻፍኩትን መጽሐፍ የመጀመሪያ አራት ምዕራፎች ሽምብጥ ሰፈር በሚገኝ ቢሮ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ የቀሩትን ደግሞ በስልኬ ተይቤያቸው ነበር። በእኔ ስክሪን ላይ ሁሉም አንድ ይመስላል። የሙከራ ቅጂው ሲመጣ ግን ከአራቱ ሁለቱ ምዕራፎች የላቲን ፊደልና የምልክት ቅይጥ ሆነው ታትመዋል። መፍትሔው ረቂቁን ሙሉ በሙሉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ፎንት መጠቀም፣ ፒዲኤፍ ሲዘጋጅም ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ አብሮ መግባቱን ማረጋገጥ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ የሚገኙ፣ ፈቃዳቸውም ለዚህ ሥራ ክፍት የሆነ ፎንቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ያ ፎንት ፈጽሞ ተጭኖበት በማያውቅ የሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍቶ ማየት ብዙ ሐዘን ያስቀራል።

ከፊደሉ ቀጥሎ የሚመጣው የነጥብ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ገጹን የሚያበላሸው ግን እርሱ ነው። ብዙዎቻችን አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት እንጽፋለን። ለዐይን ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ መስመሩ ሲያልቅ አንዱን በዚህኛው መስመር ጫፍ፣ ሌላውን በቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ሊያስቀምጣቸው ይችላል። ከነጥቡ በፊት ክፍት ቦታ የመተው ልማድም ነጥቡን ብቻውን ወደ አዲስ መስመር ያወርደዋል። ሁለቱንም በፈልግና ተካ ትእዛዝ በአምስት ደቂቃ ማጥራት ይቻላል። የአማርኛ ቃል ቅጥያዎቹን ይዞ ስለሚረዝም፣ በመስመር መጨረሻም ቆርጦ የማገናኘት ልማድ ስለሌለን፣ በጠባብ ገጽ ላይ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ በቃላት መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይፈጥራል። ለዚህ እኔ አንድም ሰፋ ያለ ገጽ መምረጥን፣ አንድም ቀኙን ሳያስተካክሉ መተውን እመርጣለሁ።

የገጽና የሽፋን ልኬትን በግምት መሥራት ሌላው ስህተት ነው። በትእዛዝ ከሚያትሙት አገልግሎቶች አንዱ በሆነው በአማዞን ኬዲፒ መመሪያ በጥራዙ በኩል የሚተወው ህዳግ እስከ 150 ገጽ ላለው መጽሐፍ ቢያንስ 9.6 ሚሊ ሜትር፣ ከ151 እስከ 300 ገጽ ላለው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ ያነሰ ሲሆን አንባቢው መስመሩን ለመጨረስ መጽሐፉን እንደ ዳቦ መገንጠል አለበት። መጽሐፉ በመደርደሪያ ሲቆም የሚታየው ጠባብ ጎን ውፍረትም በገጽ ብዛትና በወረቀቱ ዐይነት ይሰላል። 200 ገጽ በነጭ ወረቀት 11.4 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በክሬም ወረቀት ደግሞ 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ በመጨረሻ ሰዓት ወረቀት የቀየረ ሰው ሽፋኑንም እንደገና መሥራት ግድ ይለዋል።

ስለ ጣና የሚጻፍ መጽሐፍ ያለ ፎቶግራፍ አይሆንም፤ ስህተቱም እዚያው ይበዛል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ስለሚጨመቅ፣ በስልክ ላይ ያማረው በወረቀት ላይ ይደበዝዛል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስለሚፈለግ፣ ስድስት ኢንች ስፋት ይዞ እንዲታተም የታሰበ ምስል በወርዱ 1,800 ፒክሰል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ምስሉን እንደ ፋይል መቀበል ይገባል። የፈቃዱ ጉዳይ ደግሞ ከጥራቱ ይብሳል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፉ የመብት ባለቤት አለው፤ ወዳጅ ያነሣው ቢሆንም ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ ያሻል። የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች ዕድሜ ጠገብ ቢሆኑም፣ ገዳሙን ሳያስፈቅዱ ለሽያጭ በሚቀርብ ሽፋን ላይ ማውጣት በእኔ እምነት ነውር ነው።

መጽሐፉን በሚያስመዘግቡበት ቅጽ ላይ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት መጻፍ የተለመደ ጥፋት ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ በዚያው ቁጥር ሲመዘገብ፣ ለውጭ አገር ገዢ ሰባት ስምንት ዓመት የቆየ ሆኖ ይታያል። የደራሲው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ መለዋወጥ የለበትም፤ ካልሆነ አንዱ ሰው ሁለት ደራሲ ይሆናል። የክፍያውና የግብሩ ቅጽ ላይ የሚሞላው ስም ግን ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆን አለበት። በርእሱ ውስጥ ፀሐይ የሚል ቃል ያለበት ደራሲ፣ አንባቢው ጸሃይ ብሎ ሊፈልገው እንደሚችል አስቦ ሁለቱንም አጻጻፍ በመፈለጊያ ቃላት ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል። ቋንቋውንም ቢሆን አገልግሎቱ የሚቀበላቸውን ዝርዝር አስቀድሞ አንብቦ መሙላት እንጂ፣ አማርኛውን እንግሊዝኛ ብሎ ማስገባት መጽሐፉን ያስጥላል።

አገልግሎቱ በነጻ የሚሰጠው አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) እዚያው ብቻ የሚሠራ መሆኑን የማያውቁ አሉ። መጽሐፉን በአገር ውስጥም ለማሳተም የሚያስብ ሰው በ978-99944 የሚጀምረውን የኢትዮጵያ ቁጥር በራሱ ስም ቢያወጣ ይሻለዋል።

በዋጋ ላይ የሚሠራው ስህተት ኪስን ይነካል። በኬዲፒ የአሜሪካ ገበያ ባለ 200 ገጽ ጥቁርና ነጭ መጽሐፍ ለማተሚያ 3.40 ዶላር ያህል ይወጣበታል። ዋጋው 10 ዶላር ቢሆን የደራሲው ድርሻ 60 በመቶ ሆኖ ማተሚያው ሲቀነስ 2.60 ዶላር ይቀረዋል። አንባቢ ይሳባል ብሎ 9 ዶላር ቢያደርገው ግን፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ከ9.99 ዶላር በታች ድርሻው 50 በመቶ ስለሆነ፣ 1.10 ዶላር ብቻ ያገኛል። በዚህ ላይ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ከዚሁ የደራሲው ድርሻ (ሮያሊቲ) 30 በመቶ ይቀነሳል፤ 2.60 የነበረው 1.82 ይሆናል። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ለባሕር ዳር አንባቢ ከዚያው ይዘዝ ማለትም አይሆንም፤ የማጓጓዣው ዋጋ መጽሐፉን ስለሚበልጠው፣ ለከተማችን ሰው መቶም ሁለት መቶም ቅጂ እዚሁ ማሳተም ይቀላል።

የመጨረሻው፣ የሙከራ ቅጂ ሳያዩ ለሽያጭ መልቀቅ ነው። የእኔ ሁለተኛ የሙከራ ቅጂ በዘመድ ሻንጣ ደርሶኝ፣ ጎረቤቴ ለሆኑ አንድ የኔታ ከእርሳስ ጋር ሰጠኋቸው። ሐይቁ ዳር ከዋርካ ሥር ተቀምጠው እስከ ገጽ 63 ድረስ 41 ቦታ ላይ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንድም የለም። ደስ ብሎኝ፣ «የቀረው ንጹሕ ሆኖ አገኙት ማለት ነው?» ብላቸው፣ «የለም ልጄ፣ መነጽሬ ተሰበረ» አሉኝ። ከገጽ 64 ጀምሮ ያለውን ለሌላ አንባቢ ሰጠሁት።